የአንበጣ ጥቆማን በወረዳ ስም ብቻ መከፋፈል አይበቃም

በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ የበረሃ አንበጣ ከአፋር ቆላ ተነሥቶ የራያ ቆቦን ማሽላና ጤፍ ሲወርር፣ አዝመራው ለአጨዳ ተቃርቦ ነበር። የአንበጣ መንጋ በነፋስ እየታገዘ በቀን እስከ 150 ኪሎ ሜትር ሊጓዝ ስለሚችል፣ አንድ ቀን የዘገየ ጥቆማ የመድኃኒት ረጪዎችን መንጋው ለቆት ወደ ሄደው ማሳ ይልካል። የምግብና እርሻ ድርጅት (ፋኦ) እና የፔንስልቬንያ ስቴት ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2020 ያቀረቡት ኢሎከስት3ኤም የተሰኘው የስልክ መተግበሪያ አንበጣ የታየበትን ቦታና ጊዜ መዝግቦ ያስተላልፋል። እንዲህ ያለው ተከታታይ የመረጃ ፍሰት በብዙ ኮምፒውተሮች ሲስተናገድ፣ በምን ይጣራ፣ በምንስ ይከፋፈል የሚለው ውሳኔ የአዝመራን ዕጣ ይነካል።

ቀላሉ መልስ የወረዳን ስም የመከፋፈያ ቁልፍ ማድረግ ነው። እንደ አፓቼ ካፍካ ባሉ ሥርዓቶች ተመሳሳይ ቁልፍ ያላቸው መልእክቶች ወደ አንድ ክፍልፋይ ይገባሉ፤ ቅደም ተከተላቸውም በዚያው ይጠበቃል። ሆኖም መንጋው ቆቦ ባረፈ ቀን ጥቆማው ሁሉ በአንድ ክፍልፋይ ላይ ይከማቻል፤ ሌሎቹ ሥራ ፈትተው ይውላሉ። ቁልፉ አንድ ነውና ኮምፒውተር መጨመር መፍትሔ አይሆንም። አንበጣም ወሰን አያውቅም፤ በቆቦና በጉባ ላፍቶ መካከል ያረፈ አንድ መንጋ በመዝገብ ላይ ሁለት ሆኖ ይቆጠራል።

የተሻለው መንገድ አካባቢውን በእኩል የካርታ ካሬዎች መክፈል፣ ጥቆማ የበዛበትን ካሬ ደግሞ ለበርካታ ክፍልፋዮች ማከፋፈል ነው። ማከፋፈያው ከጥቆማው መለያ ቁጥር የሚሰላ ከሆነ፣ ተደጋግሞ የተላከ ጥቆማ ምንጊዜም ወደ አንድ ስፍራ ስለሚሄድ ድግግሞሹ በዚያው ይወገዳል። ከፊል ድምሮቹ በሁለተኛ ደረጃ ከአጎራባች ካሬዎች ጋር ይዋሐዳሉ።

ማጣራት ከምንጩ ቢጀምር የኔትወርክ ጫናን ይቀንሳል፤ ቦታ ያልተመዘገበበት ጥቆማ ከስልኩ ሳይወጣ እንዲታረም ማድረግ ይቻላል። «አንበጣ አልታየም» የሚለው ጥቆማ ግን ሊጣል አይገባም፤ አሳሹ ያልደረሰበትን ማሳ ከዳነው ማሳ የሚለየው እርሱ ነውና። ኔትወርክ ተቋርጦ ዘግይቶ የሚገባውም በደረሰበት ሳይሆን በታየበት ሰዓት ሊሰላ ይገባል።

የጥቆማው ብዛት ለአንድ ኮምፒውተር አይከብድም የሚል ተቃውሞ ይነሣ ይሆናል። በአዘቦት ቀን እውነት ነው። የማስጠንቀቂያ ሥርዓት የሚመዘነው ግን በወረራው ቀን ነው፤ ቁልፉም ለዚያ ቀን ታስቦ መመረጥ አለበት።