ኮምፒዩተር ስትገዙ አደራውንም አስቡ

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም።

ባለፈው ጁምዓ ከሶላት በኋላ፣ እዚህ አረርቲ ከመስጊድ በር ላይ አንድ አባት አስቆሙኝና፣ «ኡስታዝ፣ ልጄ የሰርግ ቪዲዮ የሚያቀናብርበት፣ ጌምም የሚጫወትበት ኮምፒዩተር ግዛልኝ እያለኝ ነው። የዘንድሮውን ጤፍ ሸጬ ብሩን ይዣለሁ። ከሁሉ ትልቁ ፕሮሰሰር ካልሆነ አይረባም ይላል። እውነቱን ነው?» ሲሉ ጠየቁኝ። ጥያቄው የብዙ ወላጆች ስለሆነ መልሱን በዚህ ዓምድ ማቅረብ መረጥሁ።

በቅድሚያ ሁለቱን ነገሮች እንለይ። ፕሮሰሰሩ ሠራተኛው ነው፤ ዲስኩ ደግሞ ጎተራው ነው። ሠራተኛው ቢደክም ሌላ ይተካል። ጎተራው ቢቃጠል ግን እህሉ አብሮ ይሄዳል።

ስለ ፕሮሰሰሩ ስንነጋገር፣ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚታለለው «አይ 7» በሚለው ስም ነው። ትልቁ ጉዳይ ትውልዱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው የ4ኛው ትውልድ አይ 7፣ በ2022 ከወጣው የ12ኛው ትውልድ አይ 3 ያነሰ አቅም አለው። ለምሳሌ «አይ 5-12400» ሲባል የመጀመሪያዎቹ ሁለት አኃዞች 12ኛ ትውልድ መሆኑን ይነግሩናል። ይህ ፕሮሰሰር 6 ኮር፣ ማለትም 6 የሥራ እጆች አሉት፤ የኤኤምዲ ራይዘን 5 5600ም እንዲሁ። ለሰርግ ቪዲዮም ሆነ ለአብዛኛው ጌም 6 ኮር ይበቃል። ፎር ኬ ቪዲዮ ዘወትር የሚያቀናብር ሰው 8 ኮር ቢፈልግ አይፈረድበትም። ከኢንቴል ዴስክቶፕ ፕሮሰሰሮች መካከል በስሙ መጨረሻ «ኤፍ» የሚል ፊደል ያለበት በውስጡ የምስል ክፍል ስለሌለው፣ ቪዲዮ ቶሎ የሚያወጣውን የኢንቴል መሣሪያ አይሰጥም። ላፕቶፕ ከሆነ ደግሞ «ዩ» ያለው ኃይል ቆጣቢ፣ «ኤች» ያለው ለከባድ ሥራ የተዘጋጀ ነው።

ትልቅ ሁሉ አስተማማኝ እንዳልሆነም ማወቅ ይገባል። እ.ኤ.አ. በ2024 ኢንቴል፣ ከ13ኛና ከ14ኛ ትውልድ የዴስክቶፕ ፕሮሰሰሮቹ ከፍተኛ ኃይል ያላቸው አንዳንዶቹ ከልክ ባለፈ ቮልቴጅ እንደሚጎዱ አምኖ ማስተካከያ አውጥቷል፤ ዋስትናቸውንም በ2 ዓመት አራዝሟል። በሌላ በኩል እጅግ አሮጌ መግዛትም አያዋጣም። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከኢንቴል በይፋ የሚቀበለው በአመዛኙ ከ8ኛው ትውልድ ወዲህ ያሉትን ነው።

አሁን ወደ ጎተራው እንመለስ። በሰከንድ 100 ሜጋቢት የሚቀርጽ ካሜራ በአንድ ሰዓት 45 ጊጋባይት ይሞላል። የ8 ሰዓት ሰርግ 360 ጊጋባይት ሆነ ማለት ነው። ይህን ያህል ፋይል በሰከንድ 150 ሜጋባይት የሚያነብ ሃርድ ዲስክ በ40 ደቂቃ ያነበዋል፤ በሰከንድ 500 የሚያነብ ኤስ ኤስ ዲ በ12 ደቂቃ ይጨርሰዋል። ኤን ቪ ኤም ኢ የሚባለው ከዚህም በብዙ እጥፍ ይፈጥናል። ስለዚህ ለማቀናበሪያው ኤስ ኤስ ዲ ያስፈልጋል። ነገር ግን ኤስ ኤስ ዲ ብዙ ጊዜ ያለ ማስጠንቀቂያ በድንገት ይሞታል፤ ኤሌክትሪክ ሳያገኝ ለረጅም ጊዜ ቢቀመጥም የያዘውን ሊያጣ ይችላል። ለዓመታት ማስቀመጫ ሃርድ ዲስክ ይሻላል።

ቀደም ሲል ያስተማርሁት አንድ ወጣት ያለ የሌለውን ገንዘብ በፕሮሰሰሩ ላይ አዋለ። ቪዲዮዎቹን በአንድ ዲስክ ብቻ ይይዝ ነበር፤ የካሜራውንም ካርድ ለሚቀጥለው ሰርግ አጠፋው። አንድ ማታ መብራት ሄዶ ሲመለስ ዲስኩ አልነሳም አለ። በዚያ ዲስክ ውስጥ የሙሽሪት አያት በኒካሑ ላይ ዱዓ ሲያደርጉ ተቀርጸው ነበር። ሽማግሌው ከሰርጉ በኋላ ወር ሳይሞላቸው ወደ አኼራ ሄደዋል። ልጁ የተቀበለውን ገንዘብ መልሷል፤ ቤተሰቡ የፈለገው ግን ገንዘቡን አልነበረም።

የሰው ኒካሕ የቀረጸ ሰው አደራ ተቀብሏል። አደራን በመጠበቅ ረገድ ከቀደምቶቻችን የምንማረው አለ። ቁርኣን በብዙ ሰሓቦች ልብ ውስጥ ተሸምድዶ ሳለ በጽሑፍም ተሰበሰበ፤ በኸሊፋው ዑሥማን (ረ.ዐ.) ዘመን ደግሞ ሙስሐፉ ተገልብጦ ወደ ልዩ ልዩ ከተሞች ተላከ። በአንድ ቦታ፣ በአንድ ዓይነት መያዣ ብቻ አልተተወም። እኛም አንዱን ቅጂ በኮምፒዩተሩ፣ ሁለተኛውን በሃርድ ዲስክ፣ ሦስተኛውን በሌላ ቤት እናስቀምጥ። ሁለተኛው ቅጂ መከፈቱ ሳይረጋገጥም የካሜራው ካርድ አይጥፋ።

እንግዲህ ለእኚያ አባት የሰጠሁት ምክር ይህ ነው፦ ልጁ ከጠየቀው ፕሮሰሰር አንድ ደረጃ ዝቅ ያለውን ይግዙ፤ በተረፈው ብር አንድ ተጨማሪ ሃርድ ዲስክና መብራት ሲሄድ የሚያቆይ ዩፒኤስ ይጨምሩ። ራሙ ከ16 ጊጋባይት አይነስ። ያገለገለ ዕቃ ከሆነ ሳይከፈትና ሳይሠራ ገንዘብ አይከፈል፤ ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ በሚባለው ነጻ ፕሮግራም ዲስኩ ስንት ሰዓት እንደሠራና ጤንነቱን ይዩ።

ጌሙን በተመለከተ፣ ከፕሮሰሰሩ ይልቅ የሚወስነው የግራፊክስ ካርዱ ስለሆነ በጌም ምክንያት ትልቁን ፕሮሰሰር መግዛት ኢስራፍ ነው። አንድ ትልቅ ጌም ብቻውን ከ100 ጊጋባይት በላይ ሊይዝ ስለሚችልም የሰው ቪዲዮ ያለበት ዲስክ ላይ አይጫን። ኮምፒዩተሩ ሳሎን ይቀመጥ፤ የጨዋታው ሰዓት ከልጁ ጋር ተመካክሮ ይወሰን፤ አዛን ሲሰማ ይቁም።

አባትየው ሰምተው ሲያበቁ፣ «ስለ ሁለተኛው ጎተራ ልጄ አልነገረኝም» አሉ። ልጁም በሚቀጥለው ጁምዓ አብሯቸው እንዲመጣ ተቀጣጥረናል፤ ኢንሻአላህ ቁጭ ብለን ዋጋውን በወረቀት እንጽፋለን።

ወላሁ አዕለም። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።