አሮጌውን ወንበር ከማውጣታችሁ በፊት



ከጥቂት ሳምንታት በፊት አንድ ጎረቤቴ ቤቱን ሲያሳድስ የአባቱን የእንጨት ወንበር አውጥቶ ከግቢው በር አጠገብ አቆመው። ቆራሌው ሲያልፍ ሊሰጠው ነው። ወንበሩ የዋንዛ ነው፤ መደገፊያው ቀጥ ያለ፣ ክንድ ማሳረፊያው ከብዙ ዘመን የእጅ መዳሰስ የተነሣ የሚያብለጨልጭ። «ለአባባ አዲስ ሶፋ ገዝተንላቸዋል፤ ይረፉ ብለን ነው» አለኝ። «እሳቸውን ጠይቃችኋቸዋል?» አልኩት። ዝም አለ።

እንዲህ ያልኩት ብልህ ስለሆንኩ አይደለም። ይህንኑ ስህተት በገዛ እናቴ ላይ ስለሠራሁት ነው።

እናቴ በመጨረሻዎቹ ዓመታት ከእኔ ጋር ትኖር ነበር። ስትመጣ ከትዳሯ ጀምሮ አብሯት የኖረ ባለ ክንድ ወንበር ይዛ መጣች። ለሳሎኑ አይሆንም ብዬ ዕቃ ቤት አስገባሁትና ሰውነት የሚውጥ ለስላሳ ሶፋ ገዛሁላት። ብዙም ሳይቆይ እናቴ ተለወጠች። በረንዳ ወጥታ ፀሐይ መሞቋን ተወች። ውኃ ስንሰጣት «በቃኝ» ማለት አበዛች። እኔም ያን ያህል ዘመን በሽተኛ ያስታመምኩት ሰው፣ «ዕድሜ ነው» ብዬ አለፍኩት።

አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ በረንዳ ላይ አሮጌው ወንበሯ ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። የልጅ ልጇን ለምና ከዕቃ ቤት አስወጥታዋለች። «ምነው እማዬ፣ ሶፋው አልተመቸሽም?» ብላት፣ «ያስ ይይዘኛል፤ ይሄ ግን ያነሣኛል» አለችኝ። ውኃ የቀነሰችውም ጠምቷት እያለ ነበር። ሽንት ቤት ለመሄድ በተነሣች ቁጥር ሰው ጠርታ መጎተት አፍሯት ነው።

ምክንያቱ ቀላል ነው። መቀመጫው ዝቅ ሲልና ሲሰምጥ ጉልበት ከዳሌ በላይ ይወጣል። ከዚያ ለመነሣት የጭን ጡንቻ ብዙ ኃይል ይጠየቃል፤ በዕድሜ ደግሞ የሚደክመው ይኸው ጡንቻ ነው። የድሮው የምግብ ጠረጴዛ ወንበር ብዙውን ጊዜ ከ43 እስከ 46 ሳንቲ ሜትር ከፍታ አለው። ለአብዛኛው ሰው እግር ወለል ላይ ሙሉ ለሙሉ ያርፋል፣ ጭን ይስተካከላል፣ ክንድ ማሳረፊያ ካለው እጅ የሚገፋው ነገር ያገኛል። እናቴ «ያነሣኛል» ያለችው ይህንን ነው።

የድሮ ወንበሮች በዓይን ብቻ ሳይሆን በሰውነትም የሚወደዱት ለዚህ ይመስለኛል። የጅማን ባለ ሦስት እግር ዱካ ተመልከቱ። መቀመጫውም እግሩም ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ ይወጣል፤ ሚስማር የለው፣ ኮላ የለው። መደገፊያ ያለውም ቢሆን ከዚያው ከአንዱ ግንድ የሚወጣበት ጊዜ አለ። መቀመጫው በመጠኑ ጎድጎድ ያለ ስለሆነ ሰውነትን ይቀበላል። እግሩ ሦስት መሆኑም ያለ ምክንያት አይደለም፤ ባለ አራት እግር ወንበር ወለሉ ካልተስተካከለ አንዱ እግር ይንጠለጠልና ይወዛወዛል፤ ሦስት እግር ግን አባጣ ጎርባጣ በሆነ የአፈር ወለልም ላይ ቢሆን ሁልጊዜ መሬት ይነካል። ለጎጆ ቤት ከዚህ የተሻለ ምን ይታሰባል?

ይህ ዓይነቱ ብልሃት የእኛ ብቻ አይደለም። ቀጭን ክብ እግርና እንደ ቀስት የጎበጠ መደገፊያ ያለውን የካፌ ወንበር በድሮ ፊልሞች ሳታዩት አትቀሩም። በ1859 ዓ.ም. በአውሮፓውያን አቆጣጠር፣ ቪየና ይሠራ የነበረው ጀርመን ተወላጅ አናጢ ሚካኤል ቶኔት ያወጣው ነው፤ ቁጥር 14 ይባላል። ቶኔት እንጨቱን በእንፋሎት አለስልሶ አጎበጠው። ወንበሩ በሙሉ 6 እንጨት፣ 10 ብሎንና 2 ዳዶ ብቻ ነው። ተፈትቶ ሲታሸግ 36 ወንበር አንድ ሜትር ኩብ በሆነ ሣጥን ይገባ ነበር። ዋጋው ርካሽ ስለነበረ ከቤተ መንግሥት ይልቅ ቡና ቤቶችን ሞላ፤ ዛሬም ይሠራል።

ከጅማ እስከ ቪየና ያሉትን እነዚህን ወንበሮች አንድ የሚያደርጋቸው፣ ምንም ትርፍ ነገር የሌለባቸው መሆኑ ነው። በሚገባ የተሠራ የድሮ ወንበር ሊጠገንም ይችላል። የቶኔት ወንበር መቀመጫ ልጥ ሲበጠስ ልጡ ብቻ እንደገና ይጠለፋል። የእኛም የጠፍር አልጋና ወንበር ሲረግብ ጠፍሩ ይወጠራል እንጂ እንጨቱ አይጣልም። ቺፑድ ላይ ስፖንጅ የተለጠፈበት ርካሽ ሶፋ ግን ስፖንጁ ከሰመጠ፣ ቺፑዱም ውኃ ከነካው፣ መጠገኑ ከመግዛት ይብሳል።

ይህን ስል አሮጌ ሁሉ ጥሩ ነው ማለቴ አይደለም። ደረቅ እንጨት ላይ ረጅም ሰዓት መቀመጥ፣ በተለይ ለከሳ አረጋዊ፣ ቆዳን ይጎዳል። ስለዚህ ጠንከር ያለ ቀጭን ትራስ አድርጉበት፤ በየሰዓቱም ብድግ ይበሉ። አሮጌ ወንበር ከገበያ ስትገዙ ወይም ከዕቃ ቤት ስታወጡ ደግሞ እነዚህን አትርሱ፦

መጀመሪያ ገልብጡት። በመገጣጠሚያውና በስንጥቁ ውስጥ ትኋን ይደበቃል፤ ጥቋቁር ነጠብጣብ ካያችሁ ቤት አታስገቡት። ጥቃቅን ቀዳዳና የዱቄት ብናኝ ካለ ነቀዝ እየበላው ነው።

ሁለተኛ፣ እጃችሁን መደገፊያው ላይ አድርጋችሁ ወደ ጎን ግፉት። ከተወዛወዘ አናጢ መገጣጠሚያውን ፈትቶ በኮላ እስኪያጠብቀው ድረስ ማንም አይቀመጥበት። ሚስማር መምታት እንጨቱን ይሰነጥቀዋል።

ሦስተኛ፣ የድሮ ቀለም ሊድ የሚባለው መርዛማ ብረት ሊኖረው ይችላል። ቀለም የተቀባ ወንበር በደረቁ አታስፍቁ፤ ብናኙ ለሕፃናት አእምሮ ጎጂ ነው። ሥራው ከቤት ውጭ፣ በእርጥቡ፣ ልጆች በሌሉበት ይሁን።

አራተኛ፣ ባለቤቱን አስቀምጡና እዩ። እግራቸው ሙሉ ለሙሉ ወለሉን ይነካል? ያለ ሰው እርዳታ ይነሣሉ? ወንበሩ ዝቅ ካለባቸው አናጢ አራቱንም እግር እኩል ያስረዝመው፤ ከሥሩ ጡብ መደርደር ለመውደቅ መጋበዝ ነው። ሲነሡም ወደ ወንበሩ ጠርዝ ይምጡ፣ እግራቸውን ወደ ኋላ ይሳቡ፣ ወደ ፊት ዘንበል ብለው በክንዳቸው ይግፉ፤ ከቆሙ በኋላ ከመራመዳቸው በፊት ጥቂት ይታገሡ። ድንገት ሲነሡ የደም ግፊት ወርዶ ያዞራቸዋልና።

በአገራችን ወንበር ከዕቃነት ያለፈ ትርጉም አለው። በድሮ ዘመን ዳኞች «ወንበሮች» ይባሉ ነበር፤ የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንትም ማስተማር ሲጀምሩ «ወንበር ዘረጉ» ይባላል። የቤቱ ታላቅ የሚቀመጥበት ወንበርም እንዲሁ ነው። ሳይጠይቁ ማንሣት፣ ቦታዎን ልቀቁ እንደማለት ይቆጠራል። እናቴ ይህን በቃል አልነገረችኝም፤ ግን ወንበሯ ወደ ሳሎን ከተመለሰ በኋላ ውኃዋን መጠጣት፣ ፀሐይዋንም መሞቅ ጀመረች። ባዶ ሆኖ ከቀረ በኋላም ከቦታው አላነሣሁትም። አሁን እኔ ራሴ ጉልበቴን ሲያመኝ እቀመጥበታለሁ፤ እኔንም ያነሣኛል።

የጎረቤቴስ? በዚያው ዕለት ማታ በግቢው በር ሳልፍ ወንበሩ አልነበረም። ቆራሌው ወስዶት ይሆን ብዬ አዘንኩ። በማግስቱ ጠዋት ግን አባባ በረንዳቸው ላይ፣ በዚያው ወንበራቸው ተቀምጠው አየኋቸው። «እንደምን አደሩ?» ስላቸው፣ ሁለት እጃቸውን ማሳረፊያው ላይ አድርገው፣ ማንም ሳይደግፋቸው ብድግ ብለው ሰላምታዬን መለሱ።