ዕቅድ ወይስ ምኞት?

በዘመናችን ብዙ መንግሥታት የሚጽፉት አንድ አዲስ ሰነድ አለ። ስሙም «የንግድ ሥራና የሰብአዊ መብት ብሔራዊ የድርጊት ዕቅድ» ይባላል። ስሙ ረዥም ቢሆንም ሐሳቡ አጭር ነው፤ ይኸውም ፋብሪካ የሚያቆመው፣ ማዕድን የሚቈፍረው፣ ሰፊ እርሻ የሚያርሰው፣ በኤጀንሲ ስም እኅቶቻችንን ወደ ዐረብ አገር የሚልከው ባለገንዘብ ሁሉ ትርፉን ሲሰበስብ ሰው እንዳይጐዳ መንግሥት ምን ሊያደርግ እንዳሰበ የሚገልጽበት ነው። ይህን ሐሳብ የሚጠላ የለም፤ እኛም አንጠላውም። የምንጠይቀው ግን አንድ ነገር ነው፤ የሚጻፈው ዕቅድ ነው ወይስ ምኞት?

በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የቃል ጨዋታ አይደለም። ዕቅድ ማለት ሥራው፣ ሠሪው፣ የሚያልቅበት ቀንና የሚለካበት ቁጥር የታወቀ ነው። ምኞት ግን «ይበረታታል»፣ «ይጠናከራል»፣ «ግንዛቤ ይሰጣል» እያለ ያልፋል። ምኞት የጻፈ ባለሥልጣን «ያልኸውን አላደረግህም» ተብሎ አይጠየቅም፤ መቼና ምን ያህል እንደሚያደርግ አልተናገረምና። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ይህ ነው።

የነገሩ መነሻ ይታወቃል። የተባበሩት መንግሥታት የሰብአዊ መብት ምክር ቤት በሰኔ 2003 ዓ.ም. ፕሮፌሰር ጆን ራጊ ያዘጋጇቸውን 31 መመሪያዎች በሙሉ ስምምነት ተቀበለ። መመሪያዎቹ በሦስት ምሰሶዎች ላይ የቆሙ ናቸው፤ መንግሥት የሰውን መብት ይጠብቅ፣ ነጋዴው ያክብር፣ የተጐዳው ፍትሕ ያግኝ የሚሉ ናቸው። ከዚያም መንግሥታት ይህን በየአገራቸው የሚፈጽሙበትን ዕቅድ እንዲያወጡ ተጠየቁ። እንግሊዝ በ2005 ዓ.ም. መጨረሻ የመጀመሪያዋ ሆነች። ጐረቤቶቻችን ኬንያና ኡጋንዳ በአውሮፓ አቆጣጠር በ2021 የየራሳቸውን አወጡ። አገራችንም ከ2005 ዓ.ም. ጀምሮ ሁለት ጠቅላላ የሰብአዊ መብት የድርጊት መርሐ ግብሮችን ያወጣች ስለ ሆነ ዕቅድ መጻፍ ለእኛም እንግዳ ሥራ አይደለም። የቸገረን መጻፉ ሳይሆን የተጻፈው ነገር ማንን እንደሚያስገድድ ነው።

በጎ ፈቃድ ብቻውን ምን እንደሚያደርግ ዓለም አይቶታል። ሚያዝያ 16 ቀን 2005 ዓ.ም. በባንግላዴሽ፣ በዳካ አጠገብ፣ ራና ፕላዛ የሚባለው ባለ ስምንት ፎቅ ሕንፃ ተደርምሶ ከ1,100 በላይ ሰዎች ሞቱ። አብዛኞቹ ልብስ ሰፊ ሴቶች ነበሩ። ሕንፃው መሰንጠቁ በዋዜማው ታይቶ ነበር፤ ሠራተኞቹ ግን በማግሥቱ ግቡ ተባሉ። ልብሱን የሚገዙት የምዕራብ ኩባንያዎች በዚያን ጊዜም ያማረ የሥነ ምግባር ደንብ ነበራቸው። ከፋብሪካዎቹም አንዳንዶቹ ቀደም ብለው በግል መርማሪዎች ታይተው ነበር። ደንቡም ምርመራውም ሰው አላዳነም። ለውጥ መታየት የጀመረው ከአደጋው በኋላ ኩባንያዎቹ ከሠራተኛ ማኅበራት ጋር በሕግ የሚያስገድድ ውል ፈርመው ፋብሪካዎቹ በገለልተኛ መሐንዲሶች ሲመረመሩ ነው።

ቀንና ቁጥር ምን ኀይል እንዳላቸው ደግሞ ከጀርመን እንማር። የጀርመን መንግሥት በታኅሣሥ 2009 ዓ.ም. ያጸደቀው ዕቅድ እንደ ሌሎቹ ሁሉ በነጋዴው በጎ ፈቃድ ላይ የተመሠረተ ነበር። ነገር ግን አንድ ቁም ነገር ነበረበት። በአውሮፓ አቆጣጠር እስከ 2020 ድረስ ከ500 በላይ ሠራተኛ ካላቸው ኩባንያዎች ቢያንስ ግማሾቹ ሰብአዊ መብትን የሚጠነቀቁበትን አሠራር ካልዘረጉ መንግሥት ሕግ ወደ ማውጣት ሊሄድ እንደሚችል አስታወቀ። ቀኑ ደረሰና ተቈጠረ። መስፈርቱን ያሟሉት ከመቶ 13 እስከ 17 የሚሆኑት ብቻ ሆነው ተገኙ። «በጎ ፈቃድ ይበቃል» የሚለውን ክርክር የጣለው የተቃዋሚ ጩኸት ብቻ ሳይሆን መንግሥቱ ራሱ ያስቈጠረው ቁጥር ነው። በሰኔ 2013 ዓ.ም. ምክር ቤቱ ሕጉን አወጣ፤ ሕጉም በአውሮፓ አቆጣጠር ከ2023 መባቻ ጀምሮ በመጀመሪያ 3,000፣ ከአንድ ዓመት በኋላም 1,000 ሠራተኛ ያላቸውን ኩባንያዎች ማስገደድ ጀመረ።

ስለዚህ የጀርመን ዕቅድ የጠቀመው ስለ ተሳካ አይደለም። የጠቀመው መውደቁ ሊታወቅ በሚችልበት መንገድ ስለ ተጻፈ ነው። በ2025 ደግሞ የጀርመን መንግሥት ራሱ ይህንኑ ሕግ ለማላላት ተነሣ። ይህም ሌላ ትምህርት ይሰጠናል፤ የተጻፈ መብት ጠባቂ ከሌለው የጻፈው እጅ መልሶ ይፍቀዋል።

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በሐምሌ 2008 ዓ.ም. ተመረቀ። ብዙ ሺህ ወጣት ሴቶች ከየገጠሩ መጥተው ገቡበት። በግንቦት 2011 ዓ.ም. በኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ የወጣ ጥናት የአገራችን የልብስ ሰፊ መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር መሆኑን ገለጸ። ይህ በዚያን ጊዜ ምንዛሪ 750 ብር ገደማ ነው። በዚያው ጥናት የባንግላዴሽ ሠራተኛ 95 ዶላር ታገኝ ነበር። ያቺ ራና ፕላዛ የተደረመሰባት ባንግላዴሽ ማለታችን ነው!

በ750 ብር የቤት ኪራይ ከፍሎ፣ በልቶ፣ ለብሶ መኖር የማይቻል ከሆነ ጉድለቱን የሚሞላው ማነው? ከገጠር ቆጮውንና እህሉን በማዳበሪያ ጭኖ ለልጁ የሚልከው አባት ነው። ገበሬው ለውጭ ኩባንያ ድጎማ ይሰጣል ማለት ነው። ይህን ድጎማ በየትኛው የመንግሥት በጀት ውስጥ አየነው?

ሕግ የለም እንዳይባል ሕግ አለ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 42 የሠራተኛውን የመደራጀት መብትና ጤናማ የሥራ ቦታ የማግኘት መብት፣ በአንቀጽ 44 ደግሞ የማንኛውንም ሰው በንጹሕ አካባቢ የመኖር መብት ጽፏል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መንግሥት፣ አሠሪና ሠራተኛ የሚወከሉበት የደመወዝ ቦርድ ተቋቁሞ ዝቅተኛውን ደመወዝ እንዲወስን ደንግጓል። ነገር ግን አዋጁ ለዚህ ቀን አልቈረጠለትም። ቀን ስላልተቈረጠለትም ዓመት በዓመት ላይ ሲደራረብ ሠራተኛዋ የምትጠብቀው ቁጥር ሳይነገራት ቆየች። ምኞት በአዋጅ መልክ ሲጻፍ እንኳ ምኞት ሆኖ እንደሚቀር ከዚህ የበለጠ ምስክር አያስፈልግም።

የማዕድኑም ነገር እንዲሁ ነው። በጉጂ፣ በለገ ደምቢ የወርቅ ማውጫ ዙሪያ የሚኖረው ሕዝብ ስለ ጤናው ሲያቤቱታ ኖሮ መንግሥት ፈቃዱን ያገደው በግንቦት 2010 ዓ.ም. ሕዝቡ አደባባይ ከወጣ በኋላ ነው። ለአቤቱታ መልስ የሚሰጥበት የታወቀ ደጅና የታወቀ ቀን ቢኖር ኖሮ ሕዝቡ መንገድ መዝጋት ባላስፈለገው ነበር።

በዚህ ላይ የሚቃወሙን አሉ፤ ከመምህራኖቻችንም መካከል አሉ። «አገሪቱ ድሀ ናት። ደመወዝ ይወሰን፣ መርማሪ ይግባ ብትሉ ባለገንዘቡ ጥሎን ይሄዳል፤ በመጀመሪያ ሥራ ይገኝ፣ መብት በኋላ ይደርሳል» ይላሉ። ሐሳቡ ቀላል ስላልሆነ በቀላሉ አንመልሰውም። ሥራ ያጣ ወንድምና እኅት ያለን እኛም ነን።

ይሁን እንጂ የሆነውን እንይ። በ2014 ዓ.ም. አንድ ትልቅ የልብስ ኩባንያ ከሐዋሳ ሲወጣ፣ አሜሪካም ከቀረጥ ነጻ የመግባት ዕድላችንን ስትሰርዝ፣ ምክንያቱ የሠራተኛዋ ደመወዝ መጨመር ነበርን? አልነበረም። ጦርነትና የዋሽንግተን ውሳኔ ነበር። ርካሽነታችን አንድም ቀን አላቆያቸውም። ደግሞም ያው ከላይ የጠቀስነው ጥናት ፋብሪካዎቹ በአማካይ በየ12 ወሩ ሠራተኞቻቸውን በሙሉ ይተኩ እንደ ነበር ይናገራል። ሙያ ለምዳ ሳትጨርስ ተማርራ የምትሄድ ሠራተኛ ለፋብሪካውም ኪሳራ ናት። እንግዲህ ደመወዙ ሠራተኛዋንም አላኖረ፣ ፋብሪካውንም አላጸና፤ ማንን ጠቀመ?

ስለዚህ ዕቅዱ ይጻፍ እንላለን፤ ሲጻፍ ግን የሚከተሉት ይግቡበት።

አንደኛ፤ የደመወዝ ቦርዱ ሥራውን የሚጨርስበት ቀን፣ የሚወስነውም ዝቅተኛ ደመወዝ ከኑሮ ውድነት ጋር በየስንት ጊዜው እንደሚታረም በግልጽ ይጻፍ።

ሁለተኛ፤ ለእያንዳንዱ የሥራ ቦታ ምርመራ በዓመት ስንት ጊዜ እንደሚደረግ በቁጥር ይቀመጥ፤ ውጤቱም ከፋብሪካው ባለቤት መሳቢያ ወጥቶ ለሠራተኛ ማኅበሩና ለሕዝብ ይገለጽ።

ሦስተኛ፤ መሬቱ የተወሰደበት፣ ውሃው የተበከለበት፣ እጁ በመኪና የተቈረጠበት ሰው አቤት የሚልበት ደጅና መልስ የሚያገኝበት የቀን ገደብ በስም ይጠቀስ።

አራተኛ፤ በተቈረጠው ቀን ግቡ ካልተመታ በጎ ፈቃዱ ቀርቶ አስገዳጅ ሕግ እንደሚወጣ ዕቅዱ ራሱ ይናገር። ይህ አራተኛው ከሌለ የቀሩት ሦስቱ ጌጥ ናቸው።

ወንድሞችና እኅቶች ተማሪዎች ሆይ! ይህ ጉዳይ የሚኒስቴር ሹማምንትና የውጭ አማካሪዎች በሆቴል አዳራሽ ሻይ እየጠጡ የሚጨርሱት አይደለም። የሕግ ተማሪው የአዋጁን አንቀጽ ያውቃል፤ የኤኮኖሚክስ ተማሪው የወር አስቤዛ ዋጋ መሰብሰብና ማስላት ይችላል፤ የኬሚስትሪ ተማሪው የወንዝ ውሃ መመርመር ተምሯል። ይህን ሁሉ ለፈተና ብቻ ተምረነው ከሆነ የገበሬው ግብር በከንቱ ፈሷል። መምህራኖቻችንም ምርምራቸውን በእንግሊዝኛ ለውጭ መጽሔት ብቻ ከሚልኩ ሠራተኛዋ በምታነበው ቋንቋ ጥቂት ገጽ ቢጽፉላት እናመሰግናለን።

ኅብረታችንም የሚረቀቀው ዕቅድ ለሕዝብ አስቀድሞ እንዲገለጽ በጽሑፍ ይጠይቅ። ረቂቁም እጃችን ሲገባ አንድ ነገር ብቻ እናድርግ፤ እርሳስ ይዘን ቀን በተጻፈበት ሁሉ እናስምር፣ ቁጥር በተጻፈበት ሁሉ እናክብብ። ገጹ ተገልጦ ሲያልቅ እርሳሱ ምንም ሳይነካ ከቀረ የተሰጠን ምኞት ነው፤ መልሰን ዕቅዱን እንጠይቃለን።