ስፖርት መኪና ይድረቅ ያለው ማን ነው?

ናይሮቢ ውስጥ የድሮ ስፖርት መኪና ያለው ሰው አሞርዛተሩ ሲያልቅበት ለመካኒኩ የሚሰጠው ትእዛዝ የታወቀ ነው፦ ጠንከር ያለው ይግባልኝ፣ በዚያውም ትንሽ ዝቅ አድርግልኝ። ፉንዲው፣ በአገሬው አጠራር መካኒኩ ማለት ነው፣ «እሺ ቦስ» ብሎ ይቀበላል። ደማቅ ቀለም የተቀባ፣ «ስፖርት» የሚል ወረቀት የተለጠፈበት ዕቃ ይመጣል፤ ሞላው በግራይንደር ይቆረጣል፤ መኪናዋ ሆዷ አስፋልት ሊነካ ምንም ሳይቀረው ከጋራዥ ትወጣለች። ባለቤቱ በየጉድጓዱ ጥርሱን ነክሶ ይነዳል። ለምን እንዲህ እንደምትንጥ የጠየቀው ሰው ካለ መልሱ «ስፖርት መኪና እኮ ናት» ነው። መንገጫገጩ የጥራት ማስረጃ ሆኖለታል።

እኔ ደግሞ ገንዘቡን ከፍሎ መኪናውን አበላሽቷል እላለሁ። ልማዱ የትም ቢሆን ያጠያይቃል፤ ኢምባካሲ ላይ ግን የሚከራከርለት አንድም ነገር የለውም።

ኢምባካሲ የናይሮቢ ምሥራቃዊ ዳርቻ ነው። ጆሞ ኬንያታ አየር ማረፊያ ያለው እዚያ ነው፤ ከሞምባሳ በባቡር የሚመጣው ኮንቴይነር የሚራገፍበት ደረቅ ወደብም እዚያው ነው። ኮንቴይነር የሚያመላልሱት ተሳቢዎች መንገዱን ከላይ ይደቁሱታል፤ ከሥር ደግሞ አፈሩ መረሬ ነው። ቦሌ ወይም ሲኤምሲ አካባቢ ቤት የሠራ አዲስ አበቤ የዚህን አፈር ጠባይ አይስተውም፦ ሲዘንብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ በላዩ የተነጠፈውን አስፋልት ቀስ በቀስ ያጎብጠዋል። በዚህ ላይ ቀለም ያልተቀባ፣ ምልክት ያልተተከለለት የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ አለ፤ ማታ በመብራት እንኳ የሚታየው ከወጡበት በኋላ ነው። እንዲህ ያለ መንገድ ላይ መኪና ማድረቅ ለማን ተብሎ እንደሚደረግ አይገባኝም።

የሚያስገርመው ይህ የሚሆነው በኬንያ መሆኑ ነው። በዓለም ላይ መኪናን በመጥፎ መንገድ በመፈተን ከዚህ አገር የበለጠ ስም ያለው የለም። የሳፋሪ ራሊ የተጀመረው በ1953 ነው (ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጠቅሳለሁ)። በደጉ ዘመኑ በፋሲካ ሰሞን፣ ዝናብ ጭቃውን ሲያቦካው፣ ከ5,000 ኪሎ ሜትር በላይ ይነዳ ነበር። በ1971 ኤድጋር ሄርማንና ሃንስ ሹለር ያሸነፉት በዳትሰን 240ዜድ ነው፤ ሁለተኛ የወጣው ሼካር ሜህታም የያዘው ያንኑ ዓይነት መኪና ነበር። በ1973 ሜህታ ከሎፍቲ ድሩዝ ጋር በ240ዜድ ተመልሶ መጣ፤ ሌላ ዳትሰን ይነዳ ከነበረው ከስዊድናዊው ሃሪ ሼልስትረም ጋር በነጥብ እኩል ሆነው፣ ሜህታ በመለያ ደንብ አሸነፈ። ዛሬ ናይሮቢ ውስጥ ሞላዋ እየተቆረጠ የምትደርቀው ይቺው መኪና ናት። በአራቱም እግሯ ስትራት አላት፤ ማለትም ሞላውና አሞርዛተሩ ባንድ ምሰሶ ላይ ተገጣጥመው ከላይ ቦዲውን፣ ከታች ጎማውን ይይዛሉ።

ፔጆንም ማንሳት አለብኝ። 404 በ1960ዎቹ ሳፋሪን አራት ጊዜ ወስዷል፤ 504 ደግሞ በ1975 እና በ1978። በ1978 ፖርሽ 911ዱን ለሳፋሪ ሲያዘጋጅ ከመሬት 28 ሴንቲ ሜትር ያህል አንሥቶት ነበር። እንዲያም ሆኖ የኬንያው ቪክ ፕሬስተን ጁኒየር በፖርሽ ሁለተኛ ወጣ፤ አንደኛ የሆነው ዣን ፒየር ኒኮላ በፔጆ 504 ኩፔ ነው። ጎማው በጉድጓድ ውስጥ እንደ ልብ ወርዶ የሚወጣ፣ ተሳፋሪው እንቅልፍ የሚወስደው የፔጆ ዘር! ከ2003 ወዲህ ለድሮ መኪኖች ብቻ የሚደረገው የምሥራቅ አፍሪካ ሳፋሪ ክላሲክ ላይም የሚሰለፉት 911ዶች ከፍ ብለው የቆሙ ናቸው። ኢምባካሲ ያለው ባለመኪና ማስረጃውን ለመፈለግ ጃፓን መሄድ አያስፈልገውም።

የራሊ መኪና ለስላሳ ነበር እያልኩ እንዳልሆነ ይታወቅልኝ። ለሳፋሪ የሚዘጋጅ መኪና አሞርዛተሩ ከፋብሪካው ይበልጥ ይጠነክራል። ግን የሚጠነክረው ከፍታና የጎማ መውጫ መውረጃ ተጨምሮለት ነው። የኛ ባለመኪና ጥንካሬውን ወስዶ ከፍታውን ጣለው።

ነገሩን ከሥሩ እንየው። የመኪናውን ክብደት የሚሸከመው ሞላው ነው። አሞርዛተሩ ክብደት አይሸከምም፤ ሥራው የሞላውን መወዛወዝ ማብረድ ነው፣ ዘይትን በጠባብ ቀዳዳ እያስገደደ ያሳልፍና እንቅስቃሴውን ወደ ሙቀት ይለውጠዋል። ቀዳዳው ከመጠን በላይ ከጠበበ ጎማው ጉብታ መትቶ ከወጣ በኋላ በጊዜው አይመለስም። ተከታታይ ሽብሽብ ባለበት ጠጠር መንገድ ላይ ገና ሳይመለስ ሁለተኛው ይመታዋል፣ ከዚያ ሦስተኛው፤ ጎማው ወደ ላይ እንደተሰበሰበ ይቀራል። በዚያች ቅጽበት ጎማው መሬቱን በደንብ አልያዘም፤ ፍሬን ቢያዝም፣ መሪ ቢጠመዘዝም መኪናው እንደሚገባው አይታዘዝም። ሹፌሩ ግን መሪው ላይ ንዝረት ስለሚሰማው «መንገዱን ይዛለች» ይላል።

የተቆረጠ ሞላ ደግሞ የባሰ ነው። ሞላ ባጠረ ቁጥር ይጠነክራል፤ በዚያው ልክ ጎማው የሚወጣበት ቦታ ይቀንሳል። የአሞርዛተሩ ዘንግ ሁልጊዜ ከመጨረሻው የላስቲክ ማረፊያ አጠገብ ስለሚቆም ትንሽ ጉድጓድ ሲገኝ ይላተማል። ግጭቱን የሚቀበለው ከላይ ያለው የቦዲው ላሜራ ነው፤ ዓመታት ያለፉት ላሜራ ደግሞ ውስጡን ዝገት በልቶታል። ኬንያ በመደበኛው መንገድ ከ8 ዓመት በላይ ያገለገለ መኪና እንዳይገባ ስለምትከለክል የ1971 240ዜድ ቦዲ ሲሰነጠቅ ነገ ከውጭ አስመጥቶ መተካት አይቻልም።

ጋራዡ ውስጥ የሚደረገውን ቀረብ ብሎ ያየ ሌላም ይታዘባል። የ240ዜድ የኋላ ስትራት ከታች የሚያዘው በአንድ ረጅም ፒን ነው። ፒኑን መሐል ላይ የምትቆልፈው ትንሽ ቡሎን አስቀድማ መውጣት አለባት፤ ከዚያም ቢሆን ዝገቱ ጨምድዶ ይይዘዋል። ደንበኛው «ለማታ እፈልጋታለሁ» ብሎ ስለሄደ ፉንዲው መዶሻ ያነሣል፤ የፒኑ ጫፍ ይጨፈለቃል፣ ጥርሱ ይጠፋል፣ የግማሽ ቀን ሥራ ሳምንት ይፈጃል። ፊት ለፊት ደግሞ የድሮው ዘይት ከቱቦው ተደፍቶ በቦታው የታሸገ ካርትሪጅ ይገባል። የካርትሪጁ ሙቀት ወደ ቱቦው እንዲያልፍ በመካከሉ ጥቂት ዘይት መጨመር ነበረበት፤ ይዘለላል። የላይኛው ዳዶ ሲጠብቅ ዘንጉ አብሮ እንዳይዞር በፒንሳ ይያዛል። በመስታወት ልክ የተወለወለው ዘንግ ይጫራል፣ ጭረቱ ማኅተሙን ይበላል፣ አዲሱ አሞርዛተር ሳይቆይ ዘይት ማልቀስ ይጀምራል። ከአያያዝ ይቀደዳል እንዲሉ። ያኔ ጥፋተኛ የሚባለው ዕቃው ነው፦ ፎርጅድ ነው፣ ከዚህም የጠነከረ ይምጣ።

በፉንዲው ብቻ መፍረድ ግን አልፈልግም። ሞላን በመጭመቂያ ሳያስሩ መፍታት ለሕይወት እንደሚያሰጋ ከማንም በላይ የሚያውቀው እሱ ነው፤ መኪናዋ ተበላሽታ መምጣቷንም ያያል። ትእዛዙን የሚሰጠው ባለመኪናው ነው፣ የሚከፍለውም እሱ ነው።

«ካላጠነከርኩት መዞሪያ ላይ ትጋደማለች» የሚል መከራከሪያ አለ። ትንሽ እውነት አለበት። ለውድድር ሜዳ ለስላሳ አስፋልት ብቻ የተዘጋጀ መኪና ደረቅ ቢሆን ተቃውሞ የለኝም። ግን ሃምሳ ዓመት ያለፋት መኪና ልል ሆና የምትሰማው አብዛኛውን ጊዜ የክንዶቿ ጎሚኒዎች ስላለቁ ነው፤ የስታቢላይዘሩም ላስቲክ እንዲሁ። እነሱን መቀየር ከደማቁ ዕቃ ያነሰ ገንዘብ ይጠይቃል፣ ግን ማንም አያያቸውም፣ ለጓደኛ ፎቶ ተነሥቶ አይላክባቸውም። ጉዳዩ እዚህ ላይ ይመስለኛል። በጣት የሚዞር ማስተካከያ ያለው ዕቃ ገዝቶ ማስተካከያውን እስከ መጨረሻው አጥብቆ የሚተወው ሰው የገዛው ፎቶውን ነው።

አዲስ አበባ ያለ አንባቢ ይህ የሀብታም ናይሮቢያዊ ጣጣ መስሎት እንዳያልፈው። መንግሥት በ2024 የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከከለከለ ወዲህ በእጃችን ያለው መኪና ገና ብዙ ዓመት ሊያገለግለን ነው። ሶማሌ ተራ ሄዶ አሞርዛተር የፈሰሰበትን አንድ ጎን ብቻ የሚገዛው፣ ከሞላው ሥር ላስቲክ የሚያስጠቀጥቀው፣ አቅጣጫው ቢለያይም የሚያጠፋው ያንኑ ነው። ግራው አዲስ ቀኙ ያረጀ መኪና ድንገት ፍሬን ሲያዝ ወዴት እንደሚጎትት አስቀድሞ ማወቅ ይከብዳል።

ስለዚህ የድሮ መኪና ያላችሁ፣ ኢምባካሲም ሆናችሁ ቃሊቲ፣ ጋራዥ ስትገቡ «ጠንካራውን» ብላችሁ አትዘዙ፤ የመኪናውን ሞዴልና ዓመት ተናግራችሁ ለእሱ የተሠራውን ጠይቁ፣ ለ240ዜድ የሚሆን ካርትሪጅ ዛሬም ይመረታል። ግራና ቀኙን ባንድ ቀን አስቀይሩ፤ የላይኛው ጎሚኒና ኩሽኔታ አብረው ይቀየሩ። የክንዱ ቡሎኖች ለመጨረሻ ጊዜ የሚጠብቁት መኪናዋ በአራት ጎማዋ መሬት ላይ ከቆመች በኋላ መሆኑን ቆማችሁ እዩ። የጎማው አቅጣጫ ተለክቶ ሳይስተካከል ደግሞ የመጨረሻውን ክፍያ አትክፈሉ።