ሽማግሌ የማይፈታው ጠብ

እናት ለሳምንታት ከአልጋዋ መነሣት ያቅታታል፤ ልጅ ሲያለቅስ ዞራ አታይም። ጥቂት ቆይቶ ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ ቤት ስታገላብጥ ታድራለች፣ የዕቁቡን ብር በአንድ ቀን ትበትነዋለች፣ «ምነው?» ያላትን ሁሉ ትሰድባለች። ባሏ «ንቃኛለች» ይላል፤ አማቷ «ጠባይዋ ነው»፤ ጎረቤት «ዓይነ ጥላ»። ሽማግሌ ይቀመጣል፣ «ተቻቻሉ» ብሎ ያስታርቃል። ከወራት በኋላ ያው ጠብ ነው።

እንዲህ ያለው መፈራረቅ የባይፖላር ሕመም ምልክት ሊሆን ይችላል፤ ግሳጼ አያድነውም።

መድኃኒትም ብቻውን አይበቃም፤ የቤት ውስጥ ነቀፋና ቁጣ ሕመሙን መልሶ ሊቀሰቅሰው ይችላል። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ባለሙያ ዴቪድ ሚክሎዊትዝና ባልደረቦቹ 101 የባይፖላር ሕሙማንን ለሁለት ዓመት ተከታትለው ውጤቱን በ2003 እ.ኤ.አ. አሳትመዋል። ሁሉም መድኃኒት ይወስዱ ነበር። ከቤተሰቦቻቸው ጋር በ21 ቀጠሮዎች ስለ ሕመሙና ሳይካሰሱ ስለ መነጋገር ከተማሩት 35 በመቶው አገረሸባቸው፤ አጭር ትምህርት ካገኙት ደግሞ 54 በመቶው።

የእናት ድብርት ለልጆችም ይተርፋል። በ2006 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ በ151 እናቶችና ልጆቻቸው ላይ የወጣ ጥናት እንዳሳየው፣ እናቶቻቸው በሦስት ወር ሕክምና ከድብርት በዳኑ ልጆች ዘንድ የአእምሮ ሕመም 11 በመቶ ቀንሷል፤ እናቶቻቸው ባልዳኑት ዘንድ ግን 8 በመቶ ያህል ጨምሯል። (ልጁ «አስቸጋሪ ሆነ» ብሎ ለሚያማርር አባት ይህ ቁጥር ቢነበብለት ጥሩ ነበር።)

ሆኖም «ታማለች» የሚለው ቃል ለደብዳቢ ባልም ምቹ መደበቂያ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2005 እ.ኤ.አ. ባወጣው የብዙ አገሮች ጥናት፣ በቡታጅራ አካባቢ ባል ወይም ፍቅረኛ ከነበራቸው ሴቶች 71 በመቶው በዕድሜያቸው ከባላቸው ወይም ከፍቅረኛቸው አካላዊ ወይም ወሲባዊ ጥቃት እንደ ደረሰባቸው ተናግረዋል። በዱላ የኖረች ሴት ለድብርት ትጋለጣለች፤ እንዲህ ባለው ቤት ጠቡ ከሕመሙ ይቀድማል፤ ባልን ሳይጠይቁ ሚስትን ብቻ ሐኪም ዘንድ መውሰድም ግፍ ነው።

ስለዚህ ሽማግሌው ጥፋተኛ ከመፈለጉ በፊት እንቅልፏን፣ ምግቧንና ዱላውን ለየብቻ ይጠይቅ። ዱላ ካለ እርቁ ይቆይና የእሷና የልጆቿ ደኅንነት ይቅደም። የሌለ እንደሆነ ከባሏ ጋር ሐኪም ዘንድ የሚሄዱበትን ቀን ይቁረጥ፤ እስኪሻላት የዕቁቡን ብር ማን እንደሚይዝም እሷው ባለችበት ይወሰን።