የሰው ገመና በፋይል

የአንድ ሠራተኛ የግል ማህደር ከተገለጠ ሰውዬው ራቁቱን ቆመ ማለት ነው። የሐኪም ወረቀቱ፣ ለልጁ ቀለብ ደመወዙ እንዲቆረጥ የታዘዘበት የፍርድ ቤት ደብዳቤ፣ የዋሱ ስም፣ የተጻፈበት ማስጠንቀቂያ፣ ሁሉም እዚያ ነው። ታዲያ በስንቱ መሥሪያ ቤት ነው ይህ ማህደር ቁልፍ በሌለው መደርደሪያ ተደርድሮ ላለፈ ላገደመው የሚገለጠው? ጠዋት ለአለቃ የቀረበች የሕመም ፈቃድ ከሰዓት በኋላ በሠራተኞች ክበብ ትወራለች። ዛሬማ በስልክ ፎቶ ተነሥታ በቴሌግራም ትዞራለች።

አለቆችን ጠይቋቸው። «ማህደሩ የመሥሪያ ቤቱ ንብረት ነው» ይሏችኋል። ወረቀቱስ ይሁን፤ ሕመሙ የማን ነው?

«ምን ሕግ አለና!» የሚል ሠራተኛም አለ። አለ እንጂ! የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 26 የግል ሕይወትን ያስከብራል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በጥፋቱ ሰው የጎዳ ይካስ ይላል፤ ድርጅትም ሠራተኛው በሥራው ላይ ላጠፋው ይጠየቃል። ምሥጢሩን ያወጣው የድርጅቱ ክሊኒክ ሐኪም ወይም ነርስ ከሆነ፣ ተበዳዩ አቤት ሲል የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 399 አለለት። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ የጤና መረጃን ለይቶ ይጠብቃል፤ አቤቱታውን የሚቀበለው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው።

ጉዱ ያለው ካሳው ላይ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2116 ለኅሊና ጉዳት የሚፈረደው ካሳ ከ1,000 ብር እንዳይበልጥ ይከለክላል። በ1952 ዓ.ም. ይህ ደህና ገንዘብ ነበር። ዛሬ የሰው ገመና አደባባይ ወጥቶ 1,000 ብር! ለጠበቃ እንኳ ይበቃል? ሥራውን ወይም ዕድገቱን ያጣ ሰው የቀረበትን ገንዘብ አስረድቶ መጠየቅ ይችላል። አንገቱን የደፋ፣ ባልደረቦቹ በጎን የሚያዩት ሰው ግን በምን ደረሰኝ ያስረዳ? ይህን ጣሪያ ምክር ቤቱ ሊያነሣው ይገባል። ካሳው እንዲህ እስከረከሰ ድረስ የትኛው ሥራ አስኪያጅ ነው ለቁልፍ የሚጨነቀው?

እስከዚያው ግን ዝም አትበሉ። በጽሑፍ አመልክቱ፤ ግልባጩን ያዙ፤ ማን፣ መቼ፣ የት እንዳየው መዝግቡ። የካሳ ክስ ጉዳቱ በደረሰ በሁለት ዓመት ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይቀራል። «እግዜር ይፍረደው» ብሎ የተቀመጠ ሰው ይህ ጊዜ ሳያውቀው ያልፍበታል።

ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው፤ የትኛውም ፍርድ አይመልሰውም። ስለዚህ አለቆች ሆይ፣ ሳይወጣ ቆልፉት!