ከተራራው ማዶ ማን አለ?

አንድን ፊልም ከልባችን ከወደድነው የተቀረጸበትን ቦታ በዓይናችን ለማየት መመኘታችን አይቀርም። አንዳንድ የክፍል ጓደኞቼ ግን «ቦታውን ካየኸው ፊልሙ ይረክስብሃል» ይላሉ። እኔ በዚህ አልስማማም። ይህን የምለውም ሄጄ ስላየሁት ነው።

ባለፈው ክረምት ሙኒክ የምትኖረውን አክስቴን ልጠይቅ ጀርመን ሄጄ ነበር። እኛ ቤት «ዘ ሳውንድ ኦፍ ሚዩዚክ»ን ያላየ ሰው የለም፤ እኔማ ስንት ጊዜ እንዳየሁት እንጃ። ሮበርት ዋይዝ ያዘጋጀው ይህ ፊልም እ.ኤ.አ. በ1965 ለእይታ በቅቶ 5 ኦስካር ተሸልሟል። ብዙዎቹ የውጪ ትዕይንቶች የተቀረጹት በኦስትሪያዋ ሳልዝበርግ ከተማና በዙሪያዋ ባሉት የአልፕስ ተራሮች ነው። ከሙኒክ በባቡር ሁለት ሰዓት ገደማ ብቻ ስለሆነ አክስቴን «እንሂድ» ብዬ አስቸገርኳት፤ እሷም እሺ አለች።

ልጆቹ «ዶ ሬ ሚ»ን ሲዘፍኑ የወጡትን የሚራቤል መናፈሻ ደረጃ እኛም ወጣነው። ቤታቸው ሆኖ የሚታየው አንድ ቤት እንዳልሆነ፣ ፊቱ አንድ ቦታ ጓሮው ሌላ ቦታ እንደተቀረጸ አወቅን። ጁሊ አንድሩስ እየዘፈነች የምትሽከረከርበት የመክፈቻው መስክም ያለው ኦስትሪያ ሳይሆን ከድንበሩ ወዲያ፣ ጀርመን ውስጥ ማርክትሼለንበርግ አጠገብ ነው። እስከዚህ ድረስ ሳቅን። ፊልም ነውና ይህ ምንም አይደለም።

በማግስቱ ግን በዘመድ መኪና ሮስፌልድ የሚባለው ተራራ ላይ ወጣን። በፊልሙ መጨረሻ ቤተሰቡ ከናዚዎች አምልጦ በእግሩ ተራራ ሲያቋርጥ የሚታየው እዚህ ነው። የሚሻገሩት ወደ ስዊዘርላንድ ነው ተብሏል። ካርታ ስንዘረጋ ግን ስዊዘርላንድ ከሳልዝበርግ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። ከሳልዝበርግ በቅርብ ያለውን ተራራ የሚሻገር ሰው የሚገባው ጀርመን ነው። ያውም የሂትለር የተራራ ቤት የነበረበት ኦበርዛልዝበርግ ከሮስፌልድ ብዙም አይርቅም!

እውነተኛው የትራፕ ቤተሰብ በዚህ አልሄደም። ናዚ ጀርመን እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1938 ኦስትሪያን ከጠቀለለ በኋላ፣ በዚያው ዓመት በባቡር ተሳፍረው ጣሊያን ገቡ፤ ኋላም አሜሪካ ሄዱ። ባሮን ትራፕ የተወለደባት ዛዳር ከመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በኋላ በጣሊያን ሥር ስለሆነች የጣሊያን ዜግነት ነበራቸው።

ይህን ለአክስቴ ስነግራት ዝም ብላ ማዶውን አየች። እሷ በደርግ ዘመን ከጎንደር ተነስታ በመተማ በኩል በእግሯ ሱዳን የገባች ሰው ናት። ቆይታ «አየህ ልጄ፣ ድንበር የሚሻገር ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው መንገዱን አይደለም። ማዶ ማን አለ ብሎ ነው የሚጠይቀው» አለችኝ። ቀጥላም «እኛ ስንሄድ ማንም አልዘፈነም፤ ልጅ እንዳያለቅስ አፉን ይዘን ነው ያለፍነው» አለች። ስለዚያ ጉዞ ስታወራ ስሰማ ያ የመጀመሪያዬ ነበር።

እንግዲህ የእኔ ሐሳብ ይህ ነው። ፊልም ሠሪ ታሪኩን የማሳመር መብት አለው፤ በባቡር መሄድ እንደ ተራራ ልብ አይሰቅልም። ጎብኚው ግን ፎቶ ተነስቶ ብቻ መመለስ የለበትም። ቦታው ላይ ቆሞ «እውነት በዚህ ያስኬዳል ወይ?» ብሎ መጠየቅ አለበት። ኦበርዛልዝበርግ እ.ኤ.አ. በ1999 የተከፈተ የናዚ ዘመን ታሪክ ማሳያ ማዕከል አለ። ለፊልሙ ብሎ እዚያ ድረስ የሄደ ሰው እሱንም ሳያይ ባይመለስ መልካም ነው። ፊልሙ አልረከሰብኝም፤ ዛሬም ባየው ደስ ይለኛል። ግን የመጨረሻው ትዕይንት ላይ ስደርስ አሁን የሚታየኝ የአክስቴ ፊት ነው።

ለዚህ ደግሞ የግድ አውሮፓ መሄድ አያስፈልግም። የያሬድ ዘለቀ «ላምብ» እ.ኤ.አ. በ2015 ካን ፌስቲቫል ላይ ሲቀርብ ዓለም የእኛንም ተራሮች አይቷል። ያንን ፊልም አይቶ ወደ ደጋው የሚመጣ እንግዳ ይኖራል። ፊልም የምንማር እኛስ ከእነዚያ ተራሮች ሥር የሚኖረውን ሰው ምን ያህል ጠይቀነዋል? በሚቀጥለው ዕረፍት ካሜራችንን ይዘን ስንወጣ መጀመሪያ ከባላገሩ ጋር ቁጭ ብለን እናውራ። ከተራራው ማዶ ያለውን የሚያውቀው እሱ ነውና።